የትልቁ አንጀት ካንሰርን አስቀድሞ የመፈለግ ታሪክ

ለዓይን የማይታይ ደምን በጓያክ ዛፍ ሙጫ መለየት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ደም ባለበት ናሙና ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲጨመር ሙጫው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። ዘዴው ግን ለረጅም ጊዜ በአመዛኙ ያገለገለው ሕመም ይዞት በመጣ ሰው ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 የኦሃዮው ሐኪም ዴቪድ ግሪጎር ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች ጓያክ በተነከረ ወረቀት ላይ የሦስት ቀን ሠገራ በየቤታቸው ቀብተው እንዲያመጡ ማድረጋቸውን አሳተሙ። ሕመምተኛው ሐኪሙን ከመፈለጉ በፊት ሐኪሙ በሽታውን መፈለግ ጀመረ ማለት ነው።

ለዚህ መሠረቱ ቀደም ብሎ ተጥሏል። በለንደኑ የቅዱስ ማርቆስ ሆስፒታል ሎክሃርት ሙመሪና ዱክስ በ1920ዎቹ ካንሰሩ ከአዴኖማ ሊነሣ እንደሚችል አሳይተዋል። በ1969 ደግሞ ሺንያና ወልፍ ኒው ዮርክ ውስጥ ፖሊፕን ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በኮሎኖስኮፕ ቆርጠው አወጡ።

ይሁን እንጂ ቀድሞ ማግኘት ሞትን መቀነሱ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ዕጢው ቀድሞ ስለታወቀ ብቻ በሽተኛው ረጅም ዕድሜ የኖረ ሊመስል ይችላልና፣ ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። የሚኒሶታው ጥናት ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆኑ 46,551 ሰዎችን በየዓመቱ፣ በየሁለት ዓመቱ በሚመረመሩና በማይመረመሩ ቡድኖች በዕጣ መደበ። በ1993 በታተመው ውጤት፣ በ13 ዓመት ውስጥ በየዓመቱ በተመረመሩት ዘንድ በዚህ ካንሰር የሚደርሰው ሞት በ33 በመቶ ቀነሰ። ትችትም አላጣውም፤ አብዛኞቹ ወረቀቶች በውኃ እየራሱ ስለተነበቡ የሐሰት ውጤት በዝቶ፣ ብዙ ጤነኞች ለኮሎኖስኮፒ ተዳርገዋል። በ2013 የወጣው የ30 ዓመት ክትትል ጥቅሙ መዝለቁን አረጋገጠ፤ ከማንኛውም ምክንያት የሚደርሰው ሞት ግን በቡድኖቹ መካከል አልተለያየም።

የጓያክ ወረቀት ወደ ኢትዮጵያ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሌላ ችግር ይገጥመዋል፤ የመንጠቆ ትልም ያደማል፤ ቢልሃርዚያም እንዲሁ። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው በዓይን የሚታየው ደም ነው። በሠገራው ደም ያየ ጎልማሳ «አሜባ ነው» ተብሎ ሜትሮኒዳዞል፣ ሲመለስም «ኪንታሮት ነው» ተብሎ ቅባት ይሰጠዋል። በፊንጢጣው የታችኛው ክፍል ያለን ዕጢ ግን በጓንት በተሸፈነ ጣት መዳሰስ ይቻላል፤ ለዚህም ኮሎኖስኮፕ አያስፈልግም።