የሕመም ውል፦ «ኢልነስ ስክሪፕት» በአማርኛ

ከመተማ የሰሊጥ አጨዳ የተመለሰ ወጣት ጎንደር ሆስፒታል ተኝቷል እንበል። ትኩሳቱ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ ሰውነቱ አልቋል፤ ግራ ጎኑ ሲዳሰስ ያበጠ ጣፊያ እጅ ይሞላል። ዋርድ ከገባ ወር ያልሞላው ተማሪ አንድም ሳያስቀር ሂስትሪውን ጽፏል። ትኩሳት፣ ክሳት፣ የጣፊያ እብጠት ብሎ ደርድሮ ለእያንዳንዱ ለየብቻ ምክንያት ይፈልጋል። ሲኒየሩ ግን አልጋው አጠገብ ቆሞ «ወንድሜ፣ ማታ የት ነበር የምታድረው?» ይላል። ካላዛርን ጠርጥሯል።

ሲኒየሩ በአእምሮው የያዘውን ዓይነት እውቀት ፖል ፌልቶቪችና ሃዋርድ ባሮውስ እ.ኤ.አ. በ1984 «ኢልነስ ስክሪፕት» አሉት። ሦስት ነገሮች የተያያዙበት ነው፦ በሽታው ማንንና የት ይይዛል፣ ሰውነት ውስጥ ምን ያበላሻል፣ በምን ይታወቃል። ለካላዛር ብንወስደው፣ በግራርና በተሰነጣጠቀ ዋልካ አጠገብ ሜዳ ላይ የሚያድር የቀን ሠራተኛ አለ። የአሸዋ ዝንብ ስትነክሰው የገባው ተውሳክ በጣፊያ፣ በጉበትና በመቅኔ ይራባል። ጣፊያው የሚያብጠው፣ ደሙ የሚያንሰው፣ ትኩሳቱም አልለቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ይህን በአማርኛ «የሕመም ታሪክ» እንዳንለው፣ ስሙ በሽተኛው ለሚናገረው ተይዟል። «ጽሑፈ ተውኔት» ደግሞ ለመድረክ እንጂ ለዋርድ አይሆንም። እኔ «የሕመም ውል» እላለሁ። ፈትል ሲወሳሰብ ውሉን ያገኘ ሰው ቀስ ብሎ ይፈታዋል፤ ውሉ የጠፋበት በጎተተ ቁጥር ያጠብቀዋል። ከመጽሐፍ የለቀመው ፈትል ተማሪውም ዘንድ ሞልቷል፤ የጎደለው ውሉ ነው። ቃሉ የስምምነት ሰነድ ማለትም መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ግን «ውሉ ጠፋኝ» ሲባል የሚደናገር የለም።

ስያሜው የሚያስፈልገን ለማስተማሩ ጭምር ነው። አርተር ኤልስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ሕመምተኛ ላይ የተሳካለት ሐኪም በሌላው ላይም እንደሚሳካለት መተማመኛ አልተገኘም። ስለዚህ ለሁሉም በሽታ የሚሆን አንድ «የማሰብ ችሎታ» ብቻ ለይቶ ማስተማር አያዋጣም፤ ውሉ በየበሽታው፣ በየአልጋው ይያዛል። ውሉ የሚለየውም በንጽጽር ነው። ወባም ያተኩሳል፣ ወባም ጣፊያ ያሳብጣል፣ የመተማን ሠራተኛ ወባም ይይዘዋል። በራውንድ ላይ ተማሪውን «የካላዛርን ምልክቶች ቁጠር» ከማለት «ለምን ወባ ብቻ አይሆንም?» ማለት ይበልጣል። ያኔ ማስታወሻውን አጥፎ ወደ አልጋው ይመለሳል፤ የወባ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ከዚያ በኋላ ለቆት እንደሆነ ልጁን ይጠይቃል።