የክላሲካል ሙዚቃ ተጫዋችነት ሙያ

በክላሲካል ሙዚቃ መሠልጠን ለሚፈልጉ የጠዳና የአካባቢዋ ወጣቶች በአገራችን ቀዳሚው ተቋም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ከፒያኖና ከቫዮሊን ጋር ክራርንና ማሲንቆን ያስተምራል።

ሆኖም በኮንሰርት ገቢ ብቻ መተዳደር አዳጋች መሆኑን አስቀድሞ መገንዘብ ይገባል። ለአብነት ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ በክራር ጀምረው፣ በያሬድ ትምህርት ቤትና በሶፊያ ከተማሩ በኋላ እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ድረስ በመምህርነት አገልግለዋል፤ በመድረክም የባህን ሥራዎች ከራሳቸው ድርሰቶች ጋር አቅርበዋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑት ፒያኒስት እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩም የሚታወቁት በራሳቸው ድርሰቶች ነው።

ስለሆነም አመልካቾች ከመሣሪያ ልምምድ ጎን ለጎን የማስተማርና የድርሰት ችሎታቸውን እንዲያዳብሩ ይመከራል።