ከመስመር ወደ ሜጋ፤ የምስል ቃላት ጉዞ እስከ ራጉኤል

በመርካቶ፣ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ካሜራ ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሜጋ ነው?» ብሎ ነው። ሜጋ ግን ሚሊዮን ማለት ብቻ ነው፤ የምን ሚሊዮን እንደ ሆነ የሚያስረዳው «ፒክስል» የሚለው ቃል በመንገድ ወድቆ ቀርቷል። ቁጥሩ ተይዞ የሚቈጠረው ነገር እንዴት እንደ ተጣለ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን።

ባዕድ ቃል ከዕቃ ጋራ መግባቱ ለዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም። መርካቶ የሚለው ስም ራሱ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ሲያዛውሩ የቀረ ነው። ፎቶግራፍ በገባ ጊዜ ደግሞ ስሙን ከባዕድ ተቀብለን ግሡን ከቤታችን አወጣንለት፤ «አነሣ» አልን።

ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲመረቅም ስሙ እንዳለ ተወሰደ፤ አሠራሩን ለማስረዳት ግን አማርኛ አልተቸገረም። ምስሉ በ625 መስመር ተከፋፍሎ፣ በሴኮንድ 25 ጊዜ፣ በሞገድ ይላካል። ምስል፣ መስመር፣ ሞገድ፤ ሁሉም የራሳችን ናቸው። የቪዲዮ ዴክ ዘመን ሲመጣ ነጋዴው «ፓል» እና «ኤንቲኤስሲ» የሚሉትን ጨመረ። የአሜሪካው ሥርዓት 525 መስመርና በሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል ስላለው፣ ከዚያ ዘመድ የላከው የሠርግ ካሴት እዚህ ሲከፈት ወይ ይዘላል፣ ወይ ቀለሙን ያጣል። ትርጕሙን ማንም ሳያስተምር ሁሉም ያወቀው በዓይኑ ስላየው ነው።

ችግሩ የመጣው ከዲጂታል ጋራ ነው። በ1974 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ ስምምነት ሞገዱ በሴኮንድ 13.5 ሚሊዮን ጊዜ ናሙና እየተወሰደለት ወደ ቁጥር እንዲለወጥ ተወሰነ። በዚህም መሠረት በእያንዳንዱ መስመር 720 ናሙና ይታያል፤ ከ625ቱ መስመሮች ምስል የሚይዙት 576 ናቸው። ሲባዛ 414,720 ይሆናል፤ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ ያየው ቴሌቪዥን ግማሽ ሜጋ እንኳ አልነበረም ማለት ነው!

እንግዲህ ሜጋ የነጥብ ብዛት እንጂ የምስል ጥራት አይደለም። ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ስፋቱ ሳይጨምር ነጥቡ ቢበዛ ለእያንዳንዱ ነጥብ የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል። ለሱቁ ጥበቃ ካሜራ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሚፈልገው የሌሊቱን ሌባ ፊት ነው። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ አይደለም፤ «ጥራት» የሚለው አንድ ቃል የነጥብ ብዛትንም፣ የምስል ንጻትንም፣ የዕቃውን ደኅንነትም እንዲሸከም የተውነው እኛ የተማርነው ነን።

ለአንድ አዛውንት ባለ ሱቅ በፒክስል ፈንታ «ነጥብ» ቢባል ምን ይመስልዎታል ብለን ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ነጥብ የሚያውቁት በኳስ ጨዋታ መሆኑን ነግረውን፣ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ያለው ቡድን የትኛው ነው ብለው ሳቁብን።