የሬድ ረም ጡረታ

ስለ ነገሥታት ፈረሶች ብዙ ተጽፏል። የዛሬው ጨዋታችን ግን የታክሲ ነጂ ስላሠለጠነው ፈረስ ነው።

በ1972 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጂንጀር ማኬይን የተባለ እንግሊዛዊ፣ ታክሲ ሲነዳ የኖረና አሮጌ መኪና የሚነግድ ሰው፣ ሬድ ረምን ደንበኛው ለነበሩ አንድ አዛውንት በ6,000 ጊኒ ገዛላቸው። ለካ ፈረሱ የሰኮናው አጥንት የታመመ ኖሯል! ማኬይን በሳውዝፖርት የባሕር ዳር አሸዋ ላይ ያስሮጠው ጀመር፤ ጨዋማው ውሃ እግሩን እንዳሻለው ይነገራል።

ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ሊቨርፑል አጠገብ ኤይንትሪ ሜዳ በሚደረገው ግራንድ ናሽናል፣ ፈረሶች 7 ኪሎ ሜትር ያህል ጋልበው 30 መሰናክል በሚዘሉበት፣ በ1973፣ በ1974 እና በ1977 አሸነፈ፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ ሁለተኛ ወጣ። ይህን ውድድር ሦስቴ ያሸነፈ ሌላ ፈረስ የለም። (በ1973 የተሸነፈው ክሪስፕ ግን 10 ኪሎ ያህል ትርፍ ክብደት ተሸክሞ እንደነበር አይረሳ።)

በ1978 ለስድስተኛ ጊዜ ሊሮጥ አንድ ቀን ሲቀረው እግሩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ተገኘ። አስቡት እንግዲህ፤ አገር የሚጠብቀው እሱን ነው። ሆኖም ከውድድሩ አስወጡት። ለኔ ይህ ከሦስቱም ድል ይበልጥብኛል፤ በዚያ ሜዳ አጥንታቸው ተሰብሮ እዚያው የቀሩ ፈረሶች ጥቂት አይደሉምና።

ጡረታ ወጥቶም አላረፈም፤ ለሱቅ ምረቃ ሁሉ ይጠሩት ነበር። በ1995 በ30 ዓመቱ ሲሞት ኤይንትሪ ላይ፣ ከውድድሩ መጨረሻ ምልክት አጠገብ ቀበሩት።