የጥንካሬ፣ የመተጣጠፍና የቅልጥፍና ልምምድ ለሜዳ ቴኒስ ተጫዋቾች

እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት አሚሊያ አይላንድ በተካሄደ የሜዳ ቴኒስ ውድድር የፍጻሜ ጨዋታ ማርቲና ናቭራቲሎቫ በክሪስ ኤቨርት 6 ለ 0 እና 6 ለ 0 ተሸነፈች። ናቭራቲሎቫ በወቅቱ ዊምብልደንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈች፣ ኳስ በመምታት ችሎታዋ የማትታማ ተጫዋች ነበረች። የጎደላት የአካል ብቃት ነበር።

በዚያው ዓመት ከቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ናንሲ ሊበርማን ጋር ሩጫን፣ ክብደት ማንሳትንና የቅርጫት ኳስ ጨዋታን ያካተተ ጠንካራ ልምምድ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1983 ካደረገቻቸው 87 ጨዋታዎች የተሸነፈችው በአንዱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ 50 ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ገደማ ሲቀራት ከቦብ ብራያን ጋር ተጣምራ የዩኤስ ኦፕን የድብልቅ ጥንድ ዋንጫን አንስታለች። ከዚያ ወዲህ የአካል ብቃት ልምምድ ከራኬት ልምምድ እኩል ቦታ የሚሰጠው የሥልጠና ዘርፍ ሆኗል።

የቴኒስ ጨዋታ ከሰውነት የሚጠይቀው ከሌሎች ስፖርቶች የተለየ ነው። የነጠላ ጨዋታ ሜዳ 23.77 ሜትር ርዝመትና 8.23 ሜትር ስፋት አለው። አንድን ነጥብ ለማግኘት የሚደረገው ምልልስ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይበልጥም። በነጥቦች መካከል የሚፈቀደው ዕረፍት ቢበዛ 25 ሰከንድ፣ ቦታ ሲቀያየሩ ደግሞ 90 ሰከንድ ነው። ሆኖም ይህ አጭር ጥረት ለሰዓታት ሊደጋገም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኖቫክ ጆኮቪችና ራፋኤል ናዳል ያደረጉት የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ 5 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ወስዷል። በመሆኑም ረጅም ርቀት መሮጥ ብቻውን ለቴኒስ ተጫዋች በቂ ዝግጅት አይሆንም።

ጥንካሬ

የጨዋታ ማስጀመሪያው ምት ወይም ሰርቭ ኃይሉን የሚያገኘው ከክንድ ብቻ አይደለም። ኃይሉ እግር መሬትን ሲገፋ ይጀምርና በዳሌ፣ በወገብና በትከሻ አልፎ ወደ ራኬቱ ይደርሳል። እግርና ወገብ ደካማ ሲሆኑ ጫናው በትከሻና በክርን ላይ ይወድቃል። በብዙ ተጫዋቾች ላይ ለሚደርሰው የትከሻና የክርን ሕመም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ልምምዱ ከእግር ይጀምራል። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ አንድ እግርን ወደፊትና ወደ ጎን አራምዶ ጉልበትን ማጠፍ፣ በክርንና በእግር ጣቶች ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት እንዲሁም ከባድ ኳስን በቀኝም በግራም ወገብን እያዞሩ ወደ ግድግዳ መወርወር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከምቱ በኋላ ክንድን የሚያቆሙት የትከሻ የኋላ ጡንቻዎች በመሆናቸው እነርሱንም በላስቲክ ገመድ ማጠንከር ያስፈልጋል። ልምምዱ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ የአንድ ቀን ዕረፍት እየተሰጠ ይከናወናል። ታዳጊዎች በራሳቸው የሰውነት ክብደት ጀምረው ትክክለኛውን አሠራር ካወቁ በኋላ ክብደት ቢጨምሩ ይመረጣል።

መተጣጠፍ

ለዓመታት የተጫወተ ሰው ራኬት የሚይዝበት ትከሻ ወደ ውስጥ የመዞር አቅሙ ከሌላው ትከሻ ያንሳል። የዳሌና የኋላ ጭን ጡንቻዎችም ይጠብቃሉ። ይህን ለመከላከል ጡንቻን የማሳሳብ ልምምድ የሚረዳ ሲሆን ጊዜውን መምረጥ ግን ተገቢ ነው። ከጨዋታ በፊት ከ10 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ በዝግታ መሮጥና ክንድን፣ እግርንና ወገብን እያንቀሳቀሱ ማሟሟቅ ይመከራል። አንድን ጡንቻ ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ጊዜ ስቦ መያዝ ጉልበቱን ለጊዜው ስለሚቀንስ ከጨዋታ በኋላ ቢሆን ይሻላል። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱን ጡንቻ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ ሕመም ሳይሰማ፣ ስቦ ማቆየት በቂ ነው።

ቅልጥፍና

ቅልጥፍና በፍጥነት መነሳትን፣ መቆምንና አቅጣጫ መቀየርን ያጠቃልላል። መሠረቱ ተጋጣሚ ኳሱን በሚመታበት ቅጽበት የሚደረግ አጭር ዝላይ ነው። ተጫዋቹ በሁለት እግሩ ሚዛኑን ጠብቆ ሲያርፍ በየትኛውም አቅጣጫ ለመነሳት ዝግጁ ይሆናል።

ከተለመዱት ልምምዶች አንዱ አምስት ኳሶችን በሜዳው ግማሽ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱ በኋላው መስመር ማዕዘኖች፣ ሁለቱ የሰርቭ መስመር ከጎን መስመሮች ጋር በሚገናኝባቸው ነጥቦች፣ አንዱ በሰርቭ መስመሩ መካከል ይቀመጣሉ። ተጫዋቹ ከኋላው መስመር መካከል ተነስቶ ኳሶቹን አንድ በአንድ ወደ ተነሳበት ቦታ ያመጣል፤ የፈጀበት ጊዜም እየተመዘገበ ለውጡ ይታያል። ገመድ መዝለልና ወደ ጎን መሮጥም ይጠቅማሉ። ፍጥነት መቀነስ ሲጀምር ልምምዱን ማቆም ይገባል፤ ደክሞ መሮጥ ቅልጥፍናን አያስተምርምና።

ይህ ልምምድ በደጋማ አካባቢ ለሚጫወቱ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ አየሩ ስስ በመሆኑ ኳስ በፍጥነት ይጓዛል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግም ከ1 ሺህ 219 ሜትር በላይ በሆኑ ቦታዎች ለከፍታ የተዘጋጀ ኳስ መጠቀምን ይፈቅዳል። ኳሱ ሲፈጥን ተጫዋቹ ለመዘጋጀት ያለው ጊዜ ያጥራል።

ሦስቱ ልምምዶች በአንድ ቀን ሲሠሩ ከማሟሟቅ ቀጥሎ ሰውነት ሳይደክም ቅልጥፍና፣ ከዚያ ጥንካሬ፣ በመጨረሻም ማሳሳብ ይከተላል። ሳምንቱን በቢሮ ተቀምጠው አሳልፈው በዕረፍት ቀን ብቻ የሚጫወቱ ሰዎች በቀጥታ ወደ ሜዳ መግባታቸው ለጉዳት ያጋልጣቸዋል። በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ቢለማመዱ ጉዳቱን ሊቀንሱት ይችላሉ። የማይለቅ የትከሻ ወይም የክርን ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ልምምዱን አቋርጦ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው መዝለያ ገመድ፣ የላስቲክ ገመድ፣ ከባድ ኳስና ግድግዳ ብቻ በመሆኑ ወጪው ከአቅም በላይ አይደለም።