ሙሪየል ስፓርክ ከለንደኑ የግጥም ማኅበር ለምን ወጣች?

የብሪታንያ የግጥም ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ውስጥ ሲመሠረት ዋና ዓላማው ግጥም በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ማድረግ ነበር። በ1912 «ፖየትሪ ሪቪው» የተባለውን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ሁለት የዓለም ጦርነቶች አለፉ፤ አባላቱም አረጁ።

በ1947 የ29 ዓመቷ ሙሪየል ስፓርክ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊና የመጽሔቱ አዘጋጅ ሆነች። የኤድንብራ ተወላጇ ስመ ጥር ያደረጓትን ልብ ወለዶች ገና አልጻፈችም። ሥራውን እንደያዘች ለአዳዲስ ገጣሚዎች በሩን ከፈተች፤ ግጥማቸው ለታተመላቸውም እንዲከፈል ታገለች። የመጽሔቱን ገጽ እንደ ርስታቸው የሚያዩ ነባር አባላት ተቆጡ።

ከተቃዋሚዎቿ መካከል ስመ ገናናዋ ማሪ ስቶፕስ ነበረች። ስቶፕስ በወሊድ መቆጣጠሪያ ቅስቀሳዋ አገር ያወቃት፣ ግጥምም የምትጽፍ ሴት ነበረች። ስፓርክ በ1992 ባሳተመችው ግለ ታሪኳ እንደምትተርከው፣ ስቶፕስ ስለ ስፓርክ ፍቺ የሚጠይቅ ደብዳቤ እስከ መላክ ደርሳለች። የግጥም ምርጫ ክርክር የሴት ልጅ ትዳር ምርመራ ሆነ።

በ1948 መጨረሻ ስፓርክ ማኅበሩን ተሰናበተች። ገሚሱ «ለቀቀች» ይላል፤ ገሚሱ «ተገፍታ ወጣች»። ወዲያው በ1949 ከጸሐፊው ዴሪክ ስታንፎርድ ጋር «ፎረም» የተባለ የራሷን መጽሔት ማዘጋጀቷ ግን የአዘጋጅነት ሥራ ያንገሸገሸው ሰው አያሰኛትም። ቁጭቱም አልለቀቃትም፤ በ1981 ባሳተመችው «ሎይተሪንግ ዊዝ ኢንተንት» በተሰኘው ልብ ወለዷ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ በዚያው ዘመን ለንደን ውስጥ የአንድ ማኅበር ጸሐፊ ሆና የምትሠራ ወጣት ደራሲ ናት።

ማኅበሩ ከዚያ ወዲህም ጠብ አላጣም። በ1970ዎቹ ገጣሚው ኤሪክ ሞትራም «ፖየትሪ ሪቪው»ን ሲያዘጋጅ የአዲስና የነባር አገጣጠም ደጋፊዎች እንደገና ተፋጠጡ።

ዛሬ ማኅበሩ በ1978 የተጀመረውን ብሔራዊ የግጥም ውድድር በየዓመቱ ያካሂዳል። ግጥሞቹ ለዳኞች የሚቀርቡት የገጣሚው ስም ተሰውሮ ነው። አንጋፋም ይሁን ጀማሪ፣ አባልም ይሁን ባዕድ፣ የሚመዘነው ግጥሙ ብቻ ነው። ስፓርክ የታገለችለትም ይኸው ነበር፤ ግጥምን አስፋፋለሁ የሚል ማኅበር ሁሉ ከአባላቱ ክብር በፊት የግጥሙን ክብር ሊያስቀድም ይገባል።