ጅቡቲ በሁለት ጎረቤቶች መካከል

ከሊማሊሞ ቍልቍለት ወዲያ፣ በአዲ አርቃይ በኩል የሚያልፈው የጎንደር መንገድ ተከዜን ተሻግሮ ወደ አሥመራና ወደ ምጽዋ ያደርስ ነበር። ከ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ወዲህ ግን የአገራችን የውጭ ንግድ ሸክም በአብዛኛው የወደቀው በጅቡቲ ወደብ ላይ ነው። ስለዚህ የዚህችን ጎረቤት ታሪክ ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች ተገቢ ነው።

ፈረንሣይ በ1854 ዓ.ም. ኦቦክን በውል ከያዘች በኋላ ግዛቷን በዚያ ጠረፍ አስፋፋች። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተጀመረው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ያለ ኢትዮጵያ ንግድ፣ የኢትዮጵያም ንግድ ያለ ወደቡ መኖር አስቸጋሪ ሆነባቸው።

ሶማሊያ ነፃ በወጣች ጊዜ በሰንደቅ ዓላማዋ ካሉት አምስት የኮከብ ጫፎች አንዱን ለጅቡቲ አደረገችው። ኢትዮጵያ በበኩሏ፣ ፈረንሣይ ብትለቅ በሯ በሶማሊያ እጅ እንዳይገባ ትሰጋ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ሶማሊያ፣ በ1967 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ደርግ ሶሻሊዝምን መመሪያ አድርገው ዐወጁ። እንግዲህ ፈረንሣይ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያስተዳደረችው፣ እርስ በርሳቸው በማይተማመኑ ሁለት ሶሻሊስት መንግሥታት መካከል ሆና ነው።

ታዲያ በምን አስተዳደረች? አንደኛ በጦር ሠራዊት፤ ሁለተኛ በከተማይቱ ዙሪያ ባጠረችው የሽቦ አጥር፤ ሦስተኛ አፋርንና ሶማሌን በማመዛዘን። በመጋቢት 1959 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ድምፅ ከመቶ 60 ያህሉ ከፈረንሣይ ጋር መቆየትን መረጠ ተባለ፤ ነገር ግን አፋሮች በብዛት ሲደግፉ ሶማሌዎች በብዛት ተቃውመው ነበር። በጥር 1968 ዓ.ም. ደግሞ የነፃነት ታጋዮች የፈረንሣይ ወታደሮችን ልጆች የጫነ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ጠልፈው በሶማሊያ ድንበር በሎያዳ አቆሙት፤ ልጆቹን ለማስለቀቅ በተደረገው ተኵስም ሁለት ሕፃናት ሞቱ። አጥሩም ሠራዊቱም የተማሪን መንገድ እንኳ መጠበቅ አልቻሉም ማለት ነው።

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ሆንግ ኮንግን በኮሙኒስት ቻይና አጠገብ ታስተዳድር ነበር፤ ከተማይቱም ውኃዋን ሳይቀር ከቻይና ትገዛ ነበር። ቅኝ ገዢ የጎረቤቱን ጥቅም ሳይጠብቅ እንደማይቆይ ይህም ያስረዳል።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ሕዝቡ በሙሉ ለማለት በሚቻል ድምፅ ነፃነትን መረጠ፤ ሰኔ 20 ቀንም ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ተዋጉ፤ ባቡሩም ተቋረጠ። አዲሲቱ አገር ግን ከሁለቱ ወገን በአንዱም አልተዋጠችም። የፈረንሣይ ጦር በስምምነት መቆየቱ ረድቷታል፤ ሆኖም የሕዝቧ ፈቃድና ለሁለቱም ጎረቤቶች በሯን ክፍት ማድረጓ ከአጥሩ ይልቅ ጠቅሟታል ብለን እናምናለን።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ትልቅ አገር በትንሽ ጎረቤቱ በር የሚገባ ከሆነ፣ በሩን በኃይል ከመግፋት ይልቅ ባለቤቱን ማክበር ይበጀዋል። ነገ አገር የምንረከብ እኛም ይህን ልንዘነጋ አይገባንም።